ዓሣም ኮሶ ይታየዋል
በአኳሪየም ዓሦች ላይ የሚደርሰው የትል በሽታ፣ መከላከያውና መድኃኒቱ

ነገሩ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው እንዲህ ነው። ምሽት ላይ የአኳሪየሙ መብራት በርቶ ትንንሾቹ ጋፒዎች ወዲያና ወዲህ ሲሉ፣ አፍንጫውን ከመስተዋቱ አስደግፎ የሚመለከተው ልጅ፣ «እማዬ፣ ዓሣዋ ከኋላዋ ቀይ ክር ወጥቶባታል» ይላል። እናት ከማድ ቤት ሆና፣ «የበላችው ነው የኔ ልጅ፣ ይወድቅላታል» ብላ ታልፈዋለች። ክሩ ግን አይወድቅም። በማግስቱ ሲታይ ሁለት ሦስት ሆኗል። ዓሣዋ ቀጥ ብላ ስትቆም ብቅ ይላል፣ ስትንቀሳቀስ ወደ ውስጥ ይሰበሰባል። ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉ አንዷ ጋፒ ሆዷ ገብቶ፣ ጀርባዋ ጎብጦ ከጠጠሩ ላይ ተጋድማ ትገኛለች። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላዋ ትከተላለች።

ክር የተባለው ትል ነው። የሳይንስ ስሙ ካማላነስ ኮቲ ይባላል። ትንንሽ ጌጠኛ ዓሦችን ከሚያጠቁት የሆድ ትሎች መካከል በዓይን ለማየት የሚቀለው እርሱ ሲሆን፣ ችላ ከተባለ ደግሞ ገንዳውን በሙሉ ባዶ ሊያስቀር ይችላል። በብዙ አፓርትመንቶች ውሻና ድመት ማሳደግ ስለሚከለከል፣ ለልጆቻቸው ዓሣ ገዝተው የሚያስገቡ ቤተሰቦች ጥቂት አይደሉም። ዓሣው ራሱ በጥቂት ዶላር የተገዛ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ልጁ ስም አውጥቶለት፣ ጠዋት ጠዋት እያበላው ከርሟልና ጉዳዩ የጥቂት ዶላር ጉዳይ መሆኑ ይቀራል።

የትል ነገር ለኢትዮጵያዊ እንግዳ አይደለም። ጥሬ ሥጋ በሚወደድበት አገር፣ በየተወሰነ ጊዜ ኮሶ ጠጥቶ ቤት መዋል የተለመደ እንደነበረ ትልልቆቹ ያስታውሳሉ። ኮሶና ወስፋት ለየቅል መሆናቸውንም ማንም ያውቃል። ዓሣ ጋ ሲደረስ ግን ይህ ዕውቀት ይረሳል። «ዓሣው ትል አለበት» ሲባል አብዛኛው ሰው ሱቅ ሮጦ ጠርሙሱ ላይ የዓሣ ሥዕል ያለበትን ማናቸውንም መድኃኒት ይገዛና ይጨምራል። በሦስተኛው ቀን ለውጥ ሲያጣ ሌላ ይደግማል። የውሃው ቀለም አረንጓዴና ሰማያዊ እስኪሆን ድረስ መድኃኒት በመድኃኒት ላይ ይደረባል። ዓሦቹም ትሉ ሳይጨርሳቸው መድኃኒቱ ይጨርሳቸዋል። ትል ሁሉ አንድ አይደለም፤ አንዱን የሚያወጣው መድኃኒት ሌላውን አይነካውም።

ቀዩ ትል

ካማላነስ ኮቲ ትውልዱ ከምሥራቅ እስያ ነው። ተመርምሮ ስም የወጣለት እ.ኤ.አ. በ1927 በጃፓን ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ከጌጠኛ ዓሦች ንግድ ጋር ዓለምን አዳርሷል። በየሱቁ ከሚሸጡት ጋፒ፣ ሞሊና ፕላቲ ብዙዎቹ የሚረቡት በደቡብ ምሥራቅ እስያና በፍሎሪዳ በሚገኙ ማርቢያዎች ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ ዓሣው ተጨናንቆ ስለሚያድግ አንዱ የያዘው ሌላውን አያልፈውም። ከዚያም በፕላስቲክ ከረጢት ታሽጎ፣ በአውሮፕላን ተጭኖ፣ በጅምላ ሻጩና በቸርቻሪው ገንዳ አልፎ ገዢው ቤት ይደርሳል። ይህ ሁሉ ሲሆን ትሉ ገና ትንሽ ስለሆነ ዓሣው ጤነኛ ይመስላል።

ትሉ በዓሣው አንጀት መጨረሻ አካባቢ በጠንካራ አፉ ነክሶ ደም ይመጣል። ሴቲቱ እንቁላል አትጥልም፤ በሆዷ የተፈለፈሉትን እጮች ከነሕይወታቸው ወደ ውሃው ትለቅቃለች። በተፈጥሮ ሥርዓት እነዚህን እጮች ሳይክሎፕስ የምትባል፣ በዓይን ነጥብ የምታህል የውሃ ፍጡር ትበላቸዋለች፤ ዓሣው ደግሞ እርስዋን ሲበላ ትሉ ይይዘዋል። ይህች ሳይክሎፕስ በጋምቤላ ሕዝቡን ሲያስቸግር የኖረውን የጊኒ ትል ወደ ሰው የምታስተላልፈው ፍጡር ዘመድ ነች፤ በዚያ ካልተጣራ ውሃ ጋር ተጠጥታ ትገባለች።

ከዚህ የተነሣ ብዙ ዓሣ አርቢዎች «ሳይክሎፕስ በሌለበት በቤት ገንዳ ትሉ በራሱ ጊዜ ያልቃል» ይሉ ነበር። በኖርዌይ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጡት ጥናት ግን የዚህን ትል ጠባይ አጋልጧል። ካማላነስ ኮቲ ሳይክሎፕስ ስታጣ ያለ እርስዋ ይሠራል። እጮቹ በውሃው ውስጥ እስከ ሦስት ሳምንት ያህል በሕይወት ሊቆዩና በቀጥታ ከዓሣ ወደ ዓሣ ሊተላለፉ ይችላሉ። እንግዲህ ንጹሕ ገንዳ መያዝ ብቻውን አያድንም። ይህች የሦስት ሳምንት ነገር ሕክምናውን በሙሉ የምትወስን ስለሆነች አንባቢ ቢይዛት ጥሩ ነው።

ቀይ ክር ሲታይ ነገሩ ሰነባብቷል ማለት ነው። ከዚያ በፊት የሚታዩት ምልክቶች የሚያሳስቱ ናቸው፤ ዓሣው እየበላ ይከሳል፣ ዓይነ ምድሩ ነጭና ቀጭን ክር ይመስላል፣ ሴቶቹ መውለድ ያቆማሉ። ቀይ ክር በአንዷ ላይ ከታየ በአንድ ገንዳ ያሉት ሁሉ እንደያዛቸው ተቆጥሮ ሁሉም መታከም አለባቸው። አንዷን ብቻ ለይቶ ማከም ድካም ነው። ክሩን በወረንጦ ይዞ ለመጎተት የሚሞክሩም አሉ፤ ትሉ አንጀቷን ነክሶ ስለያዘ ዓሣዋን ከማቁሰል በቀር ትርፍ የለውም።

የበግ መድኃኒት ለዓሣ

ለዚህ ትል ፍቱን ሆኖ የተገኘው ሌቫሚዞል ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በቤልጂየም የተገኘው የቴትራሚዞል አንዱ ክፍል ሲሆን፣ ቴትራሚዞልን የአገር ቤት ገበሬ ለበግና ለፍየል ሲያጠጣው የኖረ መድኃኒት ነው። ሌቫሚዞል ትሉን ወዲያው አይገድለውም፤ ሽባ ያደርገዋል። ሽባ የሆነ ትል አንጀቱን ነክሶ ለመያዝ አቅም ስለሚያጣ ዓሣው ከዓይነ ምድሩ ጋር ያስወጣዋል። ይህም በጎ ነው፤ በትንሽ ዓሣ ሆድ ውስጥ ብዙ ትል ሞቶ ቢበሰብስ ሌላ ጣጣ ነውና።

መጠኑ በአንድ ሊትር ውሃ 2 ሚሊግራም ነው። ስሌቱ የሚያስፈራ አይደለም። የገንዳው ርዝመት፣ ስፋትና የውሃው ከፍታ በሴንቲሜትር ተለክቶ እርስ በርሱ ይባዛል፤ የተገኘው ለ1000 ሲካፈል ሊትሩን ይሰጣል። 20 ጋሎን የሚባለው የአሜሪካ ገንዳ ሞልቶ 75 ሊትር ያህል ይይዛል፤ ጠጠሩና ጌጡ ከያዙት ቦታ ሲቀነስ 65 ሊትር ቢቀር 130 ሚሊግራም ያስፈልገዋል። ይህን በማድ ቤት ሚዛን መመዘን አይቻልም። ስለዚህ 1 ግራም ንጹሕ ሌቫሚዞል ሃይድሮክሎራይድ በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ ይሟሟል፤ ያን ጊዜ እያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 10 ሚሊግራም ይይዛል። ለተጠቀሰው ገንዳ 13 ሚሊ ሊትር በሲሪንጅ ለክቶ መጨመር በቂ ነው። የሚገዛው ዱቄት ሌላ መድኃኒት ያልተቀላቀለበት መሆኑ በመለያው ላይ ይነበብ፤ ለከብት ከሚሸጡት አንዳንዶቹ ድብልቅ ናቸው።

መድኃኒቱ ከመጨመሩ በፊት ጠጠሩ በጎማ ቱቦ እየተሳበ ይጸዳል፤ በማጣሪያው ውስጥ ከሰል ካለ ይወጣል፤ ከሰሉ መድኃኒቱን መጥጦ ያስቀረዋልና። ሌቫሚዞል ብርሃን ስለማይወድ መብራቱ ይጠፋና ገንዳው በብርድ ልብስ ይሸፈናል። አየር የሚያስገባው ፓምፕ ግን እንዳይዘጋ። 24 ሰዓት ሲሞላ እንደገና ታችኛው ክፍል በቱቦ ተስቦ ይጸዳል። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይህን ነው። ጠጠሩ ላይ የወደቁት ትሎች ሽባ ናቸው እንጂ ሁሉም አልሞቱም፤ በሆዳቸውም እጭ ይዘዋል። ከዚያም ከግማሽ በላይ የሆነው ውሃ ሙቀቱ ተመጣጥኖና ክሎሪኑ ተወግዶ ይለወጣል።

አንድ ጊዜ ብቻ አይበቃም። በየሳምንቱ ሁለትና ሦስት ጊዜ መድገም የተለመደ ነው፤ በሦስተኛው ሳምንት ያለው ግን በፍጹም አይታለፍም። ከላይ እንደተባለው እጩ በውሃው ውስጥ እስከ ሦስት ሳምንት ሊጠብቅ ስለሚችል፣ በመጀመሪያው ቀን ያመለጠው የሚገኘው ያን ጊዜ ነው። ብዙዎች ቀዩ ክር ስለጠፋ ብቻ ያቆሙና ከሁለት ወር በኋላ «መድኃኒቱ አይሠራም» ይላሉ።

ሌቫሚዞል ያላገኘ ፌንቤንዳዞል የሚባለውን ሊጠቀም ይችላል። እርሱ የሚሰጠው ከምግብ ጋር ሲሆን በ1 ኪሎ ምግብ 2.5 ግራም ተቀላቅሎ ለሦስት ቀን ይሰጣል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይደገማል። መብላት ላቆመ ዓሣ ግን አይሆንም፤ ከቀንድ አውጣዎችም አንዳንዶቹን ይገድላል። አይቨርሜክቲን ለሰውም ለከብትም ሲሰጥ ያዩ ሰዎች ለዓሣም ይሞክሩታል። ይህ አደገኛ ነው፤ ለዓሣ መርዝ ከመሆን የሚለየው መጠን እጅግ ጠባብ ነው።

እነዚህ መድኃኒቶች በአንዳንድ አገር በግልጽ ይሸጣሉ፣ በሌላው ያለ እንስሳት ሐኪም ወረቀት አይገኙም፤ እንደሚኖሩበት አገር ሕግ ነው። ለዓሣ ሐኪም ቤት መሄድ ለአንዳንዱ የሚያስቅ ይመስላል። ሆኖም ማይክሮስኮፕ ያለው ሐኪም ከዓሣው ዓይነ ምድር ወይም ከቆዳው ልጋግ ጥቂት ወስዶ ቢያይ፣ በግምት ከሚገዙት አራት ጠርሙሶች የተሻለ ነገር ይናገራል።

ስንጥብ ላይ የሚቀመጠው

ሁለተኛው የትል ዓይነት በዓይን አይታይም። ጠፍጣፋ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ሲሆን፣ በዓሣው ቆዳ ላይና ስንጥብ በሚባለው የመተንፈሻ አካሉ ላይ በመንጠቆ ተሰክቶ ይኖራል። በሽታው በተለይ ወርቃማ ዓሣና ዲስከስ የሚያረቡ ሰዎችን ያስመርራል። ዓሣው ሰውነቱን ከድንጋይና ከቱቦ ጋር ያሻሻል፣ ክንፎቹን ይሰበስባል፣ ውሃው ላይ ወጥቶ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፤ አንዳንዴም አንዱን የስንጥብ ክዳን ዘግቶ በሌላው ብቻ ሲተነፍስ ይታያል።

ከእነዚህ አንዱ ጃይሮዳክቲለስ ይባላል። አወላለዱ የሚያስገርም ነው፤ እናቲቱ በሆዷ ልጅ ትይዛለች፣ ልጅቱም ገና ሳትወለድ በበኩሏ በሆዷ ልጅ ይዛለች። አንድ ትል በአጭር ጊዜ ገንዳውን መሙላቱ ከዚህ የተነሣ ነው። ሌላው ዳክቲሎጃይረስ እንቁላል ጣይ ሲሆን፣ እንቁላሉ በሞቀ ውሃ በጥቂት ቀናት፣ በቀዘቀዘ ውሃ ግን በሳምንታት ይፈለፈላል።

ለሁለቱም መድኃኒታቸው ፕራዚኳንቴል ነው፤ በኢትዮጵያ በየትምህርት ቤቱ ለቢልሃርዚያ ለልጆች የሚታደለው ያው መድኃኒት ማለት ነው። የዓሣውን የኮሶ ትልም የሚያወጣ እርሱ ነው። መጠኑ በሊትር 2 ሚሊግራም ሆኖ ለ24 ሰዓት ይቆያል። በውሃ ቶሎ ስለማይሟሟ አስቀድሞ በጥቂት ሙቅ ውሃ መበጥበጥ ያስፈልገዋል። እንቁላሉን አይገድልምና በሞቀ ገንዳ ከሳምንት በኋላ፣ በቀዘቀዘ ውሃ ደግሞ ዘግየት ብሎ ይደገማል። ቀዩን ትል ግን አይነካውም። ለጋፒዎቻቸው ፕራዚኳንቴል ሰጥተው «አልሠራም» የሚሉ ሰዎች ብዛት ይህን በሚገባ ያስረዳል።

ይህች በዓይን የማትታይ ትል ምን ያህል ጥፋት ልታደርስ እንደምትችል ለማወቅ ኖርዌይን ማየት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ጃይሮዳክቲለስ ሳላሪስ የተባለው ዘር ከስዊድን በመጣ የማርቢያ ዓሣ ላይ ተሳፍሮ ገባና ወደ 50 በሚጠጉ ወንዞች የነበረውን ሳልመን ፈጀ። መንግሥት ያገኘው ዋናው መፍትሔ በወንዞቹ ሮቴኖን የሚባል መርዝ እየጨመሩ ዓሣውን ከነትሉ መግደልና ወንዙን እንደገና በንጹሕ ዘር መሙላት ነበር። ሮቴኖን ማለት በአገራችን ዓሣ አጥማጆች ወቅጠው ወንዝ ላይ በሚበትኑት በብርብራ ፍሬ ውስጥ ያለው መርዝ ነው።

ከዚህ ጋር አንድ ነገር መነሣት አለበት። ዓሣ የሰለቸው ወይም ትል ያስመረረው ሰው ገንዳውን ይዞ አቅራቢያው ወዳለ ወንዝ ይሄድና «ነፃነታቸውን ሰጠኋቸው» ይላል። በሃዋይ በአገሬው የወንዝ ዓሦች ሆድ ውስጥ ካማላነስ ኮቲ መገኘቱ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ተመዝግቧል። የገባውም ሰዎች ወደ ወንዙ ከለቀቋቸው የጋፒ ወገኖች ጋር ነው።

የማይመስለውን ትል ማለት

የከሳ ዓሣ ሁሉ ትል የያዘው አይደለም። የዓሣ ሳንባ ነቀርሳ የሚባለው በሽታም ሆድ ያስገባል፣ ጀርባ ያጎብጣል። ይህኛው ከሆነ የትል መድኃኒት ከንቱ ነው። የሚያመጣው ባክቴሪያ ደግሞ በቆሰለ እጅ ገብቶ የሰውን ቆዳ ለረጅም ጊዜ የሚያሳክም ቁስል ሊያወጣ ይችላል። የአኳሪየም ትሎች ገንዳ በማጽዳት ወደ ሰው የሚተላለፉ አይደሉም፤ በዚህ ቤተሰብ መጨነቅ የለበትም። እጁ የተቆረጠ ሰው ግን ያለ ጓንት ገንዳ ውስጥ እጁን ባይከት ይመረጣል።

ቀንድ አውጣም አብሮ ይነሣል። እንደ ቢልሃርዚያ ሁሉ በቀንድ አውጣ በኩል ወደ ዓሣ የሚያልፉ ትሎች አሉ፤ ይሁንና ብዙዎቹ ኑሯቸውን ለመፈጸም ዓሣ የሚበላ ወፍ ስለሚያስፈልጋቸው በቤት ገንዳ አይስፋፉም። ስለ ቀንድ አውጣ ሲወራ ታዲያ የእንዶድ ስም መነሣቱ አይቀርም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸውና ከዚያ የተነሣው ምርምራቸው ዓለም ያወቀው የኩራት ታሪክ ነው። ከአገር ቤት የመጣ እንዶድ በቤቱ ያለው ሰው ግን ገንዳው ላይ እንዳይሞክረው። እንዶድ ቀንድ አውጣን ብቻ ሳይሆን ዓሣንም ይገድላል።

አርባ ሊትር ውሃ

መከላከያው ከሕክምናው ይልቅ ቀላል ነው፤ ትዕግሥት ብቻ ይጠይቃል። አዲስ ዓሣ የተገዛ ዕለት በቀጥታ ከነባሮቹ ጋር አይቀላቀልም። 10 ጋሎን ወይም 40 ሊትር ያህል የሚይዝ፣ ጠጠር የሌለው፣ ማሞቂያና የስፖንጅ ማጣሪያ ብቻ ያለው ተራ ገንዳ ተዘጋጅቶ ቢያንስ አራት ሳምንት ብቻውን ይቆያል። ጠጠር የሌለው በምክንያት ነው፤ ባዶ መስተዋት ላይ ዓይነ ምድሩም የወደቀ ትልም በግልጽ ይታያል። መረቡም ቱቦውም የራሱ መሆን አለበት፤ ካልተቻለ በደንብ ደርቆ ወደ ሌላው ይዛወራል። ዓሣው የመጣበት የከረጢቱ ውሃ ወደ ገንዳው አይገለበጥም፤ ዓሣው በመረብ ወጥቶ ይገባል እንጂ።

ከሜዳ ኩሬ የተቀዳ ሕያው ምግብ ሳይክሎፕስ ይዞ ሊመጣ ስለሚችል ይቅር። በረዶ ሆኖ የሚሸጠው በአብዛኛው አያሰጋም። ሲገዙም ዓሣውን ብቻ ሳይሆን አብረውት ያሉትን ማየት ይበጃል፤ በሱቁ ገንዳ ውስጥ አንዷ እንኳ ሆዷ የገባ ወይም ቀይ ክር ያላት ከታየች ቆንጆይቱንም ትቶ መሄድ ነው። በብዙ ሱቆች ውሃው ከገንዳ ገንዳ ስለሚዘዋወር ጎረቤት ያለችውም አትታመንም።

በየምግብ ቤቱ መግቢያ ላይ ስለሚቀመጠው ትልቅ አኳሪየም ደግሞ አንድ ነገር። ባለቤቶቹ አልፎ አልፎ በመስተዋቱ ላይ የሚሳቡ ወይም በውሃው የሚጥመዘመዙ ነጫጭ ቀጫጭን ትሎች አይተው ይደነግጣሉ፤ ደንበኛ ሳያየው ብለውም መድኃኒት ይጨምራሉ። እነዚህ አብዛኛውን ጊዜ ዓሣውን የሚነኩ አይደሉም፤ ጠጠር ውስጥ የሚበሰብስ ትርፍ ምግብ እየበሉ የሚኖሩ ናቸው። ብዛታቸው የሚናገረው ስለ ምግቡ ብዛት ነው። ወላጆቻቸው በያይነቱ እስኪመጣ ሲጠብቁ ልጆች ከሽፋኑ ሥር ቁራሽ እንጀራ እየጣሉ ዓሣውን ያበላሉ፣ አስተናጋጁ ደግሞ አልበሉም ብሎ ማታ ይደግማቸዋል። ለእነዚህ ትሎች መድኃኒት አያስፈልግም። ጠጠሩን በየሳምንቱ በቱቦ መሳብ፣ የዓሣውን ምግብ በግማሽ መቀነስና ሽፋኑን ልጅ በማይከፍተው መዝጊያ መዝጋት ነው።